በሠፈራችን መንገድ ላይ የተሠመረው ኖራ

ባለቤቴና የልብ ወዳጁ ፊት ለፊት ይኖሩ ነበር። በመካከላቸው ያለው አንድ ጠባብ መንገድ ብቻ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ከትልቁ የመኪና መንገድ ተገንጥሎ ወደ እህል መጋዘኖቹ የሚገባው፣ ጠጠር የፈሰሰበት የሠፈር መንገድ። በወዲህ በኩል እኔና ባለቤቴ፣ በወዲያ በኩል ሚስታቸው የሞተችባቸው ልብስ ሰፊ። ሁለቱም ከፈረስ ቤት ከተማ በላይ ካለ አንድ ደብር የተወለዱ ናቸው። አብረው ዳዊት ደግመዋል፤ አብረውም ከየኔታ ጠፍተዋል። አንደኛው የጭነት መኪና ሾፌር፣ ሌላኛው ልብስ ሰፊ ሆነው እዚህ ከተማ ሲገናኙ፣ ሆን ብለው ነው ትይዩ ቤት የተከራዩት። ባለቤቴን ሳገባ እሳቸውን እንደ ታላቅ ወንድም ተቀበልኩ። «አያዬ» እላቸዋለሁ፤ «እታለም» ይሉኛል።

የአያዬ ቤት ውስጡ ጨለማ ስለነበር የስፌት መኪናቸውን የሚያኖሩት በረንዳ ላይ ነበር። በረንዳው ደግሞ ጠባብ ነው፤ የሚቀመጡበት በርጩማ ግማሽ እግሩ ጠጠሩ ላይ ያርፋል። ቀኑን ሙሉ መርገጫውን እየረገጡ አላፊ አግዳሚውን ሲያጫውቱ ይውላሉ። የመኪና ድምፅ ሲሰሙ በርጩማቸውን አንስተው ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ። መኪናው ዝግ ብሎ ያልፋል፤ ሾፌሩ በመስኮት እጁን አውጥቶ ሰላምታ ይሰጣል፤ እሳቸውም «በሰላም ያግባህ» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

መንገዱ በደህና የሚያሳልፈው አንድ መኪና ብቻ ነበር። ሁለት ከተገናኙ አንዱ የኋሊት ይመለሳል። ማን ይቅደም የሚለውን የደነገገ ሰው የለም። ሊገባ ያለ ሾፌር ክላክስ ይነፋል፤ ከወዲያ መልስ ከመጣ ቆሞ ይጠብቃል። እየተሳሳቁ፣ አንዳንዴም እየተሰዳደቡ፣ እንደምንም ይተላለፉ ነበር። አህያ ነጂውም፣ ውሃ የምትቀዳዋም፣ ከቅዳሴ የሚመለሱት ካህናትም የሚሄዱት በመንገዱ መሐል ነው፤ አንዱ ዳር ቦይ፣ ሌላው ግድግዳ ስለሆነ። ሾፌሩ ከኋላቸው እየተንፏቀቀ ይከተላል እንጂ ገፍቶ አያልፍም።

በዚህ መካከል ነው መኪና በግራ መሄዱ ቀርቶ በቀኝ ይሁን የተባለው። በአገሩ ሁሉ ነው። ለኛ ለእግረኞቹ ብዙም ትርጉም አልነበረውም፤ በራዲዮ ሰማን፣ «ይሁና» አልን። ለባለቤቴ ግን የእጁን ልማድ አፍርሶ እንደገና መሥራት ሆነበት። ወሩ ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ገብቷል። አንድ ቀን ከቡሬ በርበሬ ጭኖ ሲመለስ፣ ጠምዛዛ ላይ ሌላ የጭነት መኪና በዱሮ ልማዱ በግራ በኩል መጣበት። ባለቤቴ መሪውን ወደ ቦዩ ጠመዘዘ። መኪናው ተጋደመ፤ የበርበሬው ጆንያ ተቀድዶ ጭቃው ደም መሰለ። የሞተ ሰው የለም። እሱም ግንባሩ ከመሰንጠቁ በቀር ደህና ነበር።

ቤት ሲገባ የግንባሩን ደም እንኳ ሳይጠርግ መደቡ ላይ ተቀመጠ። አያዬ ወሬውን ሰምተው፣ መርፌ ደረታቸው ላይ እንደተሰካ፣ መንገዱን ሮጠው ተሻግረው መጡ።

«ምን ሆንክ አንተ?» አሉት ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«ሞቼ ነበር» አለ ባለቤቴ። «ሰውዬው እኮ ክፉ አይደለም። እጁ ነው። እኔም ነገ እንደዚያ ላደርግ እችላለሁ። ዓይናችን የሚይዘው ነገር ቢኖር እንዲህ አይሆንም ነበር።»

«ምን የሚይዘው ነገር?»

«መስመር። አዲስ አበባ አይቻለሁ፤ መንገዱን ለሁለት የሚከፍል ነጭ መስመር በመሐሉ አለ። ሾፌሩ የቱ የሱ፣ የቱ የሌላው እንደሆነ ያያል።»

«እንግዲያው ይሠመራ!» አሉ አያዬ። «እኛ አገር ነጭ ነገር ጠፋ?»

ባለቤቴ ያን ክረምት ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። መንገድ ላይ ካልሆነ ማዘጋጃ ቤት ደጅ ነው የሚገኘው። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ሰው የሚያዳምጡ ሽማግሌ ነበሩ። ቀለም ጠጠር ላይ አይይዝምና ኖራ ይሁን ተባለ። መስቀል አልፎ ዝናቡ ሲያቆም ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው ትልቁ መንገድ መሐሉ ተሠመረ። እውነቱን ለመናገር፣ እዚያ ጠቀመ። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ሁለት መኪና ሲተላለፍ በየጎኑ ለአህያም ለሰውም ይተርፋል። ሾፌሮች ባለቤቴን መንገድ ላይ እያስቆሙ አመሰገኑት። ከዚያ አደጋ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ሰሞን ነው።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ምንኛ መልካም ነበር። እሱ ግን የሠፈሮቹም ጠባብ መንገዶች ይሠመሩ አለ። ሹሙ «የሠፈር መንገድ የሠፈርተኛው ነው፤ ተሰብሰቡና እናንተው ወስኑ» ብለው መለሱት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ መንገዳችን ላይ ተሰበሰበ። ወንዶቹ መሐል ቆመዋል፤ እኛ ሴቶቹ በየደጃፋችን ነን፤ ሁሉም ነገር ይሰማናል። የሠፈራችን ሰው የሆኑት የነፍስ አባታችንም መቋሚያቸውን ተደግፈው ነበሩ።

ባለቤቴ ጀመረ። «እህል የሚጫንበት ወር ደርሷል። ከሌላ አገር የሚመጣው ሾፌር የኛን ልማድ አያውቅም። ክላክስ ነፍቶ የሚጠብቅ ይመስላችኋል? መስመር ካለ ግን ጎኑን ይዞ ይሄዳል።»

«ጎኑ የታለ?» አሉ አያዬ።

«እንዴት የታለ?»

«አንተ ሰው፣ ይህ መንገድ እኮ አንድ ነው። አንዱን ጋቢ ለሁለት ቀድጄ ብሰጣችሁ ሁለታችሁንም ይበርዳችኋል እንጂ ጋቢ አይሆናችሁም። አሁን ሾፌሩ መንገዱ የማን እንደሆነ ስለማያውቅ ይጠይቃል፤ ክላክስ ይነፋል፤ ይቆማል። ይህችኛዋ ያንተ ናት ካልነው ለምን ይቆማል?»

ሰዉ ሳቀ። ጋቢው ነው ያሳቀው። ባለቤቴ ግን በሱ የተሳቀበት መሰለው፤ ጆሮው ሲቀላ ከደጄ ሆኜ አየሁ።

«አንተ በረንዳ ላይ ተቀምጠህ ነው የምታወራው» አለ። «ቦይ ውስጥ የተጋደምኩት እኔ ነኝ።»

ሳቁ ቆመ። አያዬ ቀና ብለው አዩት። ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ ነበር የሚያዩት፤ ገና አልጠቆረም ነበር።

የነፍስ አባታችን በዝግታ ገቡበት። «አሁን መኪና ሲመጣ ሰውን ይፈራል። ከተሠመረ በኋላስ ማንን ይፈራል?»

«ሕግን ይፈራል አባቴ» አለ ባለቤቴ።

«ሕግ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሾፌሩን ያየዋል?» አሉ እሳቸው፤ ወደ አያዬ ግን አላዩም።

ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ ጠጠሩን በጫማው ይጭራል። ያን ጊዜ አያዬ ናቸው የደረሱለት።

«እውነቱን ነው እኮ» አሉ። «ሾፌሩ እሱ ነው። እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ፣ መርፌ ነው የማውቀው። አንተ ይጠቅማል ካልክ ይሠመር፤ ለኔ በረንዳ ብለን አገር አናቆምም።»

እሳቸው እሺ ሲሉ ሌላው ምን ይላል? መንገዱ የሚነካው ከሁሉ በላይ እሳቸውን ነበር። ይሠመር ተባለ። ባለቤቴ ትከሻቸውን አቅፎ ወደ ቤታችን ይዟቸው ገባ፤ ጠላ ቀዳሁላቸው። አያዬ ይስቁ ነበር። የተስማሙት አምነውበት እንዳልነበር ግን ፊታቸው ይናገር ነበር። ወዳጃቸው በሰው ፊት አንገቱን እንዳይደፋ ብለው ነው። ዛሬም ድረስ ያቺ ደግነታቸው ታቃጥለኛለች። ትንሽ ቢጨክኑ ኖሮ እላለሁ።

ሠራተኞቹ ኖራውን በባልዲ በጥብጠው፣ ገመድ ከላይ እስከ ታች ወጥረው፣ በመጥረጊያ እየነከሩ አሠመሩት። ያምር ነበር። አዲስ መቀነት ይመስላል። ሰዉ መጀመሪያ ላይ ለመርገጥ ሳስቶ እየዘለለ ይሻገረው ነበር። አያዬ ከበረንዳቸው ሆነው «ወደ እናንተ ቤት ስሻገር ከዛሬ ጀምሮ የይለፍ ወረቀት ልትጠይቁኝ ነው?» እያሉ ባለቤቴን ያበሽቁታል። እሱም «አንተን ማን ያሳልፍሃል!» ይላል።

ቀስ በቀስ ግን መንገዱ ጠባዩን ለወጠ። መጀመሪያ የቀረው ክላክሱ ነው። ሾፌሮቹ ከላይም ከታችም ዝም ብለው ይገባሉ፤ መሐል ላይ ሲገናኙ ማንም አይመለስም። እያንዳንዱ ግማሹን ይዞ፣ የዳር ጎማውን በቦዩ ጠርዝ ወይም በግድግዳው ሥር አስኬዶ፣ ተጋፍቶ ያልፋል። የኛ አጥር ሁለቴ ተገርስሶ አቆምነው። አህያ ነጂዎቹ ከመሐል ተገፍተው በግድግዳ ሥር መሄድ ጀመሩ። አያዬ የስፌት መኪናቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው በጎን ተቀምጠው መስፋት ያዙ።

«እታለም» አሉኝ አንድ ቀን፣ «ሾፌሮቹ እኮ ሰላምታ ተዉኝ። ዓይናቸው መሬት ላይ ነው፤ ቀና አይሉም።»

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። «አዲስ ነገር ስለሆነ ነው፤ ይለምዱታል» አለኝ። ከልቡ ነበር። እሱ ራሱ በዚያ መንገድ ሲገባ ዱሮ እንደሚያደርገው ዝግ ይል፣ ክላክስ ይነፋ፣ ሰላምታም ይሰጥ ነበርና ሌላው የማያደርግበት ምክንያት አልታየውም።

የገበያ ቀን ነበር፤ ባለቤቴ ለጭነት ቡሬ ሄዷል። እኔ ደጃፌ ላይ ጌሾ እቀነጥሳለሁ። አያዬ ለገና የታዘዙትን ልብስ ለማድረስ መርገጫውን ያጣድፉታል። ከላይ አንድ መኪና ገባ፤ ከታች ከመጋዘኖቹ ደግሞ እስከ አፉ ማሽላ የጫነ ሌላ መጣ። ክላክስ የነፋ የለም። ከላይ የሚወርደው ቀኙን ይዟል፤ ቀኙ የአያዬ በረንዳ ነው። የስፌቱ ድምፅ ጆሯቸውን ስለያዘው ዘግይተው ነው ቀና ያሉት። «አያዬ!» ብዬ ጮህኩ። በርጩማቸውን ትተው ሊነሱ ሲሉ የመኪናው ጎን የበረንዳውን ምሰሶ ያዘና ወሰደው። ቆርቆሮው፣ ምሰሶው፣ ያ ከባድ የስፌት መኪና፣ ሁሉም ግራ እግራቸው ላይ ወደቀ።

እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። ቆርቆሮውን ስናነሳ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን አልጮሁም። «ልብሱን፣ የሰው ልብስ ነው፣ እንዳይቆሽሽ» ይሉኛል። ሾፌሩ ወርዶ ከኋላችን ቆሟል። ወጣት ነው።

«በመስመሬ ነው የመጣሁት!» ይላል። «እዩት፣ ጎማዬን እዩት! በመስመሬ ነው የመጣሁት!»

እውነቱን ነበር። ዞር ብዬ አየሁ። ጎማው ኖራውን አልነካውም።

በዚያው መኪና ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ባለቤቴ ወሬውን የሰማው ከተማው መግቢያ ላይ ነው። በማግሥቱ ከደብረ ማርቆስ ስመለስ ሠፈርተኛው በየደጁ ቆሞ ያየዋል፤ እሱ መንገዱ መሐል ጎንበስ ብሎ በዶማ ኖራውን ይፍቃል። ሹሙም መጥተው ነበር። «ተው ልጄ፣ ሠራተኛ ያነሳዋል» ይሉታል። «ያስመጣሁት እኔ ነኝ» አላቸው፤ ቀናም አላለ። ከላይ እስከ ታች ፍቆ ጨረሰው። ሰዉ ደግሞ እዚያው በቆመበት፣ የሠፈር መንገድ እንዳይሠመር ተስማማ። አንድ የተቃወመ የለም። የሚከራከርም የለም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው እንግዲህ ከአደጋው ይልቅ የሚከብደኝ። ባለቤቴ አያዬን ማየት አልቻለም። ደብረ ማርቆስ ጭነት ይዞ ሲሄድ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ ይደርስና ይመለስ እንደነበር ጓደኞቹ ነግረውኛል። ቅቤውን፣ ማሩን፣ ዶሮውን በኔ እጅ ይልካል። እኔ ስገባ አያዬ መጀመሪያ የሚያዩት ከኋላዬ ነው።

«እሱስ?»

«መንገድ ላይ ነው አያዬ።»

«ይሁና። ሾፌር አይደል።»

ዐቢይ ጾም ሳይገባ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሠፈርተኛው በረንዳቸውን ጠግኖላቸው ነበር። መርገጫ መርገጥ ስለማይችሉ ክራንቻቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቁልፍ ሲተክሉ፣ እጀ ጠባብ ሲዘመዝሙ ይውላሉ። ባለቤቴ ይህን ጊዜ በጓሮ በር መግባትና መውጣት ጀመረ። መኪናውንም ወደ መንገዳችን አያስገባም፤ ትልቁ መንገድ ላይ ያቆማታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጧል። ከመንገዱ ማዶ የአያዬ ድምፅ መጣ።

«አንተ! ቤት እንዳለህ አውቃለሁ፤ መኪናህን ትልቁ መንገድ ላይ ሰዎች አይተዋታል። ና እንጂ! ወሬ እኮ ጠፋኝ!»

ባለቤቴ አልተንቀሳቀሰም።

«ይጠሩሃል» አልኩት።

«ሰማሁ።»

«ታዲያስ?»

«ምን ብዬ? እግሩን እያየሁ ምን እላለሁ?»

«እሳቸው እኮ ምንም በል አላሉህም። ና ነው ያሉህ።»

ተነሳ። ነጠላ ጫማውን አደረገ። ወደ ፊት ለፊቱ በር የሚሄድ መስሎኝ ነበር። በጓሮው ወጥቶ ሄደ። እኔ መንገዱን ተሻግሬ «ደክሞት ተኝቷል» አልኳቸው። አያዬ ቁልፍ የሚተክሉበትን ሸሚዝ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በራችንን ብዙ አዩት። «ይተኛ» አሉ። «ይተኛ እንግዲህ።»

ከዚያ በኋላ አልጠሩም።

ከፋሲካ በኋላ ቡሬ ያገባችው ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው። ዕቃቸው ተጭኖ አልቆ፣ እኔን ወደ ጎን ሳብ አድርገው እንዲህ አሉኝ፤ «እታለም፣ ይህን ንገሪው። ቂም የለኝም። እግሬን መልስ አላልኩትም። ጨዋታውን ነው የፈለግሁት።» ስነግረው አለቀሰ። ልሂድም አለ። ግን አልሄደም። ቡሬ ማለት ለሱ በየሳምንቱ የሚመላለስበት አገር ነው፤ የልጅቱ ቤት ከመንገዱ ብዙም አይርቅም፤ ደጃፏን እያየ ያልፋል። ዛሬ ጭነት ከበደኝ፣ ዛሬ መሸብኝ፣ ዛሬ ባዶ እጄን ነኝ ይላል።

የነፍስ አባታችን ነገሩን ያውቁ ነበር። አንድ ቀን ቤታችን ጠበል ጠዲቅ ቀምሰው ሲነሱ፣ «ልጄ፣ ቡሬ ሩቅ ነው ይላሉ» አሉት።

«ኧረ ቅርብ ነው አባቴ፤ በየሳምንቱ እሄዳለሁ።»

«መኪናህማ ትሄዳለች» አሉና ባርከውን ወጡ።

ይቺ ቃል ናት የነቀነቀችው። ክረምቱ አልፎ፣ መስቀል ውሎ፣ እኔንም አብሮ አሳፍሮ ሄድን። አዲስ ሸማ ለብሷል። መንገድ ላይ የሚናገረውን ሲለማመድ፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ማንኩሳን አልፈን ቡሬ ስንደርስ ሸማውን እንደ አዲስ አጣፋ።

አያዬ የልጃቸው ደጅ፣ በርበሬ የተሰጣበት ግቢ ውስጥ፣ በእጅ በምትዞር የስፌት መኪና ይሰፋሉ። ልብስ የሚያሠፋ ሰው በዝቶላቸዋል፤ ወፍረዋልም። ሲያዩን ክራንቻቸውን ይዘው ተነሱ።

«እንደምን ዋሉ?» አሉ። «ይግቡ፣ ይግቡ። ምነው ደጅ ቆሙ?»

ከኋላችን ሌላ የተከበረ ሰው የመጣ መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም የለም።

ገባን። ልጅቱ እንጀራ አቀረበች፤ እሳቸው በእጃቸው አጎረሱን። ስለ ዝናቡ ተወራ፤ ስለ በርበሬው፤ ስለ ቡሬ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ግንብ። ባለቤቴ ትንሽ ከቆየ በኋላ «አንተ፣ እኔ እኮ ያን ቀን...» ብሎ ጀመረ።

«ይተዉት እባክዎ» አሉት አያዬ በለሰለሰ ድምፅ። «የእግዜር ሥራ ነው። ይብሉ እንጂ፣ አልበሉም እኮ።»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቂምም የለም። ለሩቅ እንግዳ የሚሰጠው ድምፅ ነው። ቢሰድቡት እወድ ነበር። ሲጠብቁት ቆይተው፣ ቆይተው፣ አንድ ቀን መጠበቁን ትተውት ይሆናል፤ እኛ የደረስነው ከተዉት በኋላ ነው። እኔን ግን እንደ ዱሮው «እታለም» ነው ያሉኝ። ስንነሳ እስከ አጥሩ ሸኙን፤ «ለሠፈሩ ሰው ሁሉ ሰላምታ ያቅርቡልኝ» አሉት።

በመልሱ ባለቤቴ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ነዳ። ቡሬን ብዙ ርቀን ከሄድን በኋላ መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆማት። መሪው ላይ እጁን እንደጫነ፣

«አንቱ አለኝ» አለ።

«አክብረውህ እኮ ነው» አልኩት፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

«እኛ ተከባብረን አናውቅም» አለ።

ከዚያ በኋላ ለበዓል ሰላምታ ይላላኩ ነበር፤ በሾፌሮች። ሁለቴ ሦስቴም ሄዶ ጠይቋቸዋል። ሁልጊዜ በክብር ተቀብለው፣ በክብር ይሸኙታል። ባለቤቴ ብዙም ሳይቆይ መኪና መንዳቱን ትቶ ከመጋዘኖቹ በአንዱ እህል አስረካቢ ሆነ። ምክንያቱን ሲጠይቁት ወገቤን ያመኛል ይላል።

እሱ ቀድሞ ሞተ። አያዬ ከቡሬ ለቅሶ ደራሾች ጋር መጥተው ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከእንግዶቹ መካከል ተቀምጠው አየኋቸው፤ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ነበር። ሰው ከቦኝ ስለነበር ልደርስባቸው አልቻልኩም። ያመጣቸው መኪና ሊመሽበት ስለሆነ ቀድመው ተነሱ።

የሳቸውን ሞት የሰማሁት ከአንዲት በርበሬ ነጋዴ ነው፤ አርባቸው ካለፈ በኋላ። ብዘገይም ቡሬ ሄጄ ልጃቸውን አጽናናሁ። ጎን ለጎን መደብ ላይ ተቀምጠን፣ እሷ አልቅሳ ከጨረሰች በኋላ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፤

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አባቴ ስለ ባለቤትዎ ሲነሳበት ዝም ይል ነበር። ልጅ ሆኜ ሲጫወቱ ሳቃቸው መንገዱን ይሞላው እንደነበር አስታውሳለሁ። ለመሆኑ ምን አጣላቸው?»

ስለ መንገዱ፣ ስለ ኖራው፣ ስለዚያ እሑድ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሁሉም ተደምሮ ግን ለመጣላት አይበቃም።

«አልተጣሉም ልጄ» አልኳት።

አላመነችኝም፤ አንድ ነገር የደበቅኳት መስሏት አየችኝ። ተነስታ የሚበላ ልታቀርብ ወደ ጓዳ ገባች።